በረዶ በስቶ ትራውት ማጥመድ በኮሎራዶ ተራሮች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዴንቨርና አውሮራ ያለን ሀበሾች ብርዱ ሲገባ ኑሯችን ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ይሆናል። ተራራው ግን ቅርብ ነው፤ እዚያ ያሉት ሐይቆች ደግሞ ከታኅሣሥ ጀምሮ ይረጋሉ። እላያቸው ላይ ቆሞ ዓሳ ይጠመዳል ሲባል አንዱ ይስቃል፣ ሌላው «ምን አጥታችሁ ነው?» ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ ወንበሩን አስጠግቶ ይጠይቃል። ይህ ጽሑፍ ለሦስተኛው ነው። የማወራው ስለ ሬይንቦ ትራውት ነው፤ ለጀማሪ እሱን የሚያህል ዓሳ የለም።

በረዶው አይሰበርም እንዴ?

ይሰበራል። ለዚህ ነው ከዓሳው በፊት በረዶውን መማር ያለባችሁ።

ልኩ እንዲህ ነው። በረዶው ጥርት ያለ፣ ከላይ ሲያዩት ጠቆር የሚልና ታቹን የሚያሳይ ከሆነ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ እግረኛ ይሸከማል። ከዚያ ካነሰ ወደ መኪናችሁ ተመለሱ፣ ክርክር የለውም። ነጭ ከሆነ ግን፣ ማለትም ስኖው (ከሰማይ የሚወርደው አመዳይ) ቀልጦ ተመልሶ የረጋ ከሆነ፣ ውስጡ አየር ስላለ ጥንካሬው ቢበዛ የጠራው ግማሽ ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩን በእጥፍ ቁጠሩት። ግራጫ ሆኖ ውሃ የቋጠረውን ጭራሽ አትርገጡት።

ውፍረቱን በዓይን አይታችሁ አትገምቱ። አጥማጆች ረጅም ዲጂኖ ይይዛሉ፤ በየጥቂት እርምጃው ፊት ለፊታቸው ይመታሉ፤ በሁለት ምት ከተበሳ አይሄዱም። እየራቁ ሲሄዱ ደግሞ ቆም እያሉ በመሰርሰሪያ በስተው ይለካሉ። አንድ ሐይቅ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ውፍረት የለውም። ወንዝ የሚገባበት፣ ውሃ የሚወጣበት፣ ምንጭ ያለበት፣ ቋጥኝና የእንጨት ምሰሶ ከበረዶው ብቅ ያለበት ቦታ ሁሉ ስስ ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ከዴንቨር በላይ ያሉት ሐይቆች ብዙዎቹ ግድብ ናቸው። በብርዱ ወራት ውሃው ሊቀንስ ይችላል፤ ያኔ በረዶው ዳር ዳሩ ላይ ይሰነጠቃል ወይም ከታቹ ባዶ ይሆናል። መሃሉ ደህና ሆኖ ሳለ የመጀመሪያዎቹ አምስት እርምጃዎች ናቸው ጉድ የሚሠሩት። ሰው ሁሉ በሚገባበት በኩል ግቡ፣ እሱንም ቢሆን እየመታችሁ።

ድምፅ ያሰማል። ሊሰበር ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ በረዶው ይለጠጣል፣ ይኮማተራል፣ እና ከታች ያጓራል፤ አንዳንዴ ከሐይቁ ወዲያ ማዶ ተነስቶ በእግራችሁ ሥር ያልፋል። የመጀመሪያ ቀን ነፍስ ያስወጣል። ውፍረቱን በስታችሁ ከለካችሁ ግን ድምፁን ተዉት።

ብወድቅስ?

ቀዝቃዛው ውሃ ደረት ሲነካ ሳታስቡት አየር ትስባላችሁ፤ ጭንቅላታችሁ ከውሃ በላይ መሆን ያለበት ያኔ ነው። ትንፋሹ እስኪረጋ አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ከዚያ እጅና እግር የሚታዘዙላችሁ አስር ደቂቃ ያህል ነው። ብርዱ ራስን እስኪያስት ግን አንድ ሰዓት ገደማ አለ። ይህን ማወቅ ብቻውን ድንጋጤን ይቀንሳል፦ ሰው ቶሎ የሚሞተው ከብርዱ ይልቅ በመደናገጥና በመስጠም ነው።

ልብሳችሁን አታውልቁ፤ ውስጡ የታሰረው አየር ያንሳፍፋችኋል። ወደ መጣችሁበት አቅጣጫ ዙሩ፣ ምክንያቱም ያ በረዶ እስካሁን ተሸክሟችኋል። ክንዳችሁን ላዩ ላይ ዘርጉ፣ እግራችሁን እንደ ዋናተኛ ምቱ፣ በደረታችሁ ተንሸራታችሁ ውጡ። ወጥታችሁ እንዳትቆሙ! ተንከባለሉ፣ ወይም በሆዳችሁ ተሳቡ፣ ወፍራሙ ጋ እስክትደርሱ። አንገት ላይ የሚንጠለጠሉ፣ እጀታ ያላቸው ሁለት ሹሎች ይሸጣሉ። ዋጋቸው የአንድ ምሳ ያህል ነው። እርጥብ እጅ በረዶ ላይ የሚይዘው ስለሌለ ያለ እነሱ መውጣት በጣም ከባድ ነው።

ብቻችሁንም አትሂዱ።

የአዲስ አበባም ከፍታ እኮ ትልቅ ነው። የእኛ ሐይቆች ለምን አይረጉም?

ጥሩ ጥያቄ። በኮሎራዶ በረዶ በስቶ በማጥመድ ከታወቁት ሐይቆች አንዱ የሆነው ኢለቨን ማይል 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ ብዙም አይበልጥም። ወንጪ ሐይቅ ደግሞ 2,900 ሜትር ገደማ ላይ ሆኖ አንድም ቀን አይረጋም። ልዩነቱ ከምድር ወገብ ያላቸው ርቀት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ደጋው ሌሊት ውርጭ ቢመታውም ጠዋት ፀሐይዋ አናት ላይ ትወጣና ሙቀቱን ትመልሳለች። እዚህ ግን በታኅሣሥ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ታልፋለች፣ ሌሊቱ ይረዝማል፣ ቀን ያገኘውን ሙቀት ሁሉ ውሃው ሌሊት ይከስራል። ይህ ለሳምንታት ሲደጋገም ይረጋል።

ዓሳው ከበረዶ ሥር እንዴት ይኖራል?

ውሃ በጣም የሚከብደው 4 ዲግሪ ላይ ነው። ከዚያ በታች የቀዘቀዘው ቀልሎ ወደ ላይ ይወጣና ይረጋል፤ ከታች ያለው 4 ዲግሪ አካባቢ ይቆያል። በረዶው ክዳን ሆኖ ነፋሱን ይከለክላል። ትራውት ደግሞ የቀዝቃዛ ውሃ ዓሳ ስለሆነ አይተኛም። ፍጥነቱ ይቀንሳል እንጂ ይዋኛል፣ ይበላል።

ችግሩ ኦክስጅን ነው። ስኖው በረዶውን በወፍራሙ ከሸፈነው ብርሃን አይገባም፤ የውሃ ውስጥ ዕፅዋቱ ይሞታሉ፣ ሲበሰብሱም ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳሉ። ጥልቀት በሌላቸው ሐይቆች በዚህ ምክንያት ዓሳ በጅምላ የሚያልቅበት ዓመት አለ።

የት ልሂድ?

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ጆርጅታውን ሐይቅ። ከኢንተርስቴት 70 ላይ ሆናችሁ በመስኮት ይታያል፣ ከዴንቨር አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ካልጣማችሁም ቶሎ ትመለሳላችሁ። ነፋሱ ግን ክፉ ነው። በአንዳንድ ዓመታት በረዶው ላይ መኪና ሲሽቀዳደሙ ታያላችሁ፤ ያንን አይታችሁ የእናንተን መኪና እንዳታስገቡ፣ እነሱ ለክተው ነው።

ትልቅ ዓሳ የፈለገ በ285 አውራ ጎዳና ወጥቶ ኬኖሻ ፓስን ተሻግሮ ሳውዝ ፓርክ ይወርዳል። እዚያ ኢለቨን ማይልና አንቴሮ የሚባሉ ሐይቆች አሉ። ኢለቨን ማይል በ1932 ሳውዝ ፕላት ወንዝ ላይ የተገደበ ሰፊ ውሃ ነው፤ ከሬይንቦ ሌላ ፓይክና ኮካኒ የሚባሉ ዓሶችም አሉት። አንቴሮ ጥልቀት የለውም፣ ሣር የበዛበት ነው፣ ትራውቱ ቶሎ የሚወፍረውም ለዚህ ነው። ጎረቤታቸው ስፒኒ ማውንቴን ሲረጋ ስለሚዘጋ ወደዚያ አትድከሙ። ዲለን ሐይቅ ውብ ነው፣ ግን ጥልቅ ስለሆነ ዘግይቶ ይረጋል፤ ለጀማሪም አልመክረውም።

ፈቃድ ያስፈልጋል?

ዕድሜው 16 ለሞላ ሁሉ ያስፈልጋል። የስቴቱ የፓርኮችና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት፣ ኮሎራዶ ፓርክስ ኤንድ ዋይልድላይፍ፣ ኦንላይን ይሸጣል፤ የዓመቱ ፈቃድ ከማርች 1 ጀምሮ እስከሚቀጥለው ዓመት ማርች 31 ይሠራል። የነዋሪ ዋጋ ለማግኘት ስድስት ወር ስቴቱ ውስጥ መኖር አለባችሁ። ከ18 እስከ 64 ዕድሜ ያለው ሰው ፈቃዱ ላይ ሀቢታት ስታምፕ የሚሉትን፣ ለዱር እንስሳት መኖሪያ የሚውለውን ክፍያ፣ ይጨምራል። ስቴት ፓርክ ከሆነ ለመኪናው መግቢያም አለ።

በአጠቃላይ ደንቡ በቀን አራት ትራውት ነው የሚወሰደው፣ ግን ሐይቅ በሐይቅ ይለያያል፤ አንቴሮ ለምሳሌ ሁለት ነው። ከመሄዳችሁ በፊት የዚያን ሐይቅ ደንብ አንብቡ። ሬንጀሮቹ (ደንብ አስከባሪዎቹ) በረዶ ላይ ይዞራሉ፣ ትሑቶች ናቸው፣ ቅጣት ላይ ግን ቀልድ አያውቁም።

ምን ዕቃ ልግዛ?

ትንሽ። ሻጩ ብዙ ያሳያችኋል፤ ዝም ብላችሁ እለፉት።

አጭር የበረዶ ዘንግ ከነመጠቅለያው፣ ከ2 እስከ 4 ፓውንድ የሚሸከም ቀጭን ክር፣ ጂግ የሚሏቸው ጭንቅላታቸው ከበድ ያለ ትንንሽ መንጠቆዎች፣ የእጅ መሰርሰሪያ፣ ጉድጓዱ ውስጥ የሚንሳፈፈውን ቁርጥራጭ በረዶ የሚያወጣ ጭልፋ። የሽሮ ጭልፋችሁን እንዳትወስዱት፣ ቀዳዳ ያለው ነው የሚያስፈልገው። የእጅ መሰርሰሪያው 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ይሁን፤ ለትራውት ይበቃል፣ ትከሻችሁም ያመሰግናችኋል። ባለሞተሩ ብዙ መቶ ዶላር ነው፣ ለመጀመሪያው ዓመት አያስፈልግም። ጫማ ላይ የሚጠለቅ ጥርስ ያለው ላስቲክ ግን እንዳትረሱ፤ ስኖው ያልሸፈነው በረዶ ላይ ከመስጠም ይልቅ ወድቆ ወገብ መስበር ይቀርባል።

ዓሳው የት ነው ያለው? ጥልቁ ጋ ነው አይደል?

አይደለም! ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ጀማሪ ሲባል መሃል ሐይቅ ድረስ ዕቃውን ሲጎትት ይሄዳል፣ አስራ አምስት ሜትር ጥልቀት ላይ ይበሳል፣ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል፣ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሬይንቦው በዚያን ሰዓት ዳር ላይ ነበር።

ምክንያቱ ምግቡ ነው። በእነዚህ ሐይቆች ትራውት በብርድ ወራት በዋናነት የሚበላው ሣር ውስጥ የሚኖሩ ጨዋማ ያልሆነ ውሃ ትንንሽ ሽሪምፖችንና ጭቃ ውስጥ ያሉ የትንኝ እጮችን ነው። እነሱ ደግሞ ያሉት ዳር ዳሩን፣ ብርሃን የሚደርስበት ነው። ስለዚህ ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ አራት ሜትር ያለ ጥልቀት ፈልጉ፣ በተለይ ሣር የሚያልቅበትን ጠርዝ። ትራውቱ አንድ ቦታ አይቀመጥም፣ ጠርዙን ተከትሎ ይዞራል፤ አንዳንዴም ከበረዶው ሥር በአንድ ሜትር ውስጥ ያልፋል። አንዱን ጉድጓድ ከዳር፣ ሌላውን ትንሽ ራቅ፣ ሌላውን ደግሞ ጠርዙ ላይ፣ እንዲህ እያላችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ስድስት ሰባት ጉድጓድ ጨርሳችሁ ብሱ። ጫጫታው መጀመሪያ ላይ ይለቅ። ሃያ ደቂቃ ምንም ካልመጣ ወደሚቀጥለው ሂዱ።

ጥልቀቱ ትንሽ ስለሆነ ጸጥታ ያስፈልጋል። ባልዲ አትጎትቱ፣ አትሩጡ። ጉድጓዱ ዙሪያ ያለውን ስኖው አትጥረጉ፤ ጥላ ይሁን።

አንድ ደስ የሚል ነገር ላሳያችሁ። ጉድጓዱ አጠገብ በሆዳችሁ ተኙ፣ ጃኬታችሁን ጭንቅላታችሁ ላይ ተከናነቡ፣ ፊታችሁን ወደ ቀዳዳው አስጠጉ። ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ትንሽ ታገሡ። ከዚያ ታቹ በአረንጓዴ ብርሃን ቁልጭ ብሎ ይታያል፦ የሣሩ ጫፍ፣ ጭቃው፣ የእናንተ መንጠቆ። ትራውቱ ከጎን ይመጣል። መንጠቆው ፊት ይቆማል። ክንፎቹን ብቻ እያንቀሳቀሰ ያየዋል። ያኔ መንጠቆውን ብታንቀጠቅጡት ይሄዳል፤ ጸጥ ብታደርጉት ነጭ አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ መንጠቆው ጠፋ ማለት ነው። አንዴ ይህን ያየ ሰው ማጥመድ ገባው።

ምን ላብላው?

ጂጉ ላይ አንዲት ዋክስወርም፣ ማለትም ነጭ ትል፣ ሰኩበት። ፓወርቤይት የሚሉት ባለ ቀለም ሊጥም ይሠራል፣ በተለይ ከዓሳ ማርቢያ አምጥተው ለለቀቋቸው ትራውቶች። ከ7,000 ጫማ በላይ ሕያው ትንንሽ ዓሳ መንጠቆ ላይ ማድረግ የተከለከለ ነው፤ አንዳንድ ውሃ ደግሞ ሰው ሠራሽ ማታለያ ብቻ ይፈቅዳል።

አወራረዱ ቀላል ነው። መሬት እስኪነካ ልቀቁት፣ አንድ ክንድ ያህል አንሱት፣ ሁለት ሦስት ጊዜ በስሱ አንቀጥቅጡት፣ ከዚያ አቁሙ። የሚነክሰው ስታቆሙ ነው። ዘንጉ ጫፍ ላይ ቀጭን ስፕሪንግ እሰሩ። አንዳንዴ ዓሳው ከታች መጥቶ መንጠቆውን ይዞ ወደ ላይ ስለሚወጣ ክብደቱ ይቀልና ስፕሪንጓ ወደ ታች በመሳብ ፈንታ ቀና ትላለች። ቀና ካለች ሳቡ።

መቼ ይሻላል?

በረዶው መሸከም ከጀመረበት ቀን አንስቶ እስከ ገና ድረስ ያለው ጊዜ ምርጡ ነው። ከጥምቀት በኋላ ዓሳው ይሰንፋል፣ አነስ ያለ መንጠቆና ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል። ዐቢይ ጾም ሲጋመስ እንደገና ይነቃል፤ ግን ያን ጊዜ በረዶውም መክዳት ይጀምራል። ከቀኑ ሰዓቶች ደግሞ ከጠዋቱ 1 እስከ 4 በሀበሻ አቆጣጠር ይሻላል፣ ማታም ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት። እኩለ ቀን ቡና ይጠጣል።

ቡናውን ድንኳን ውስጥ ማፍላት ይቻላል?

በከሰል በጭራሽ! የከሰል ጢስ በተዘጋ ቤት የሚያደርገውን ሁላችንም ከአገር ቤት እናውቃለን። የፕሮፔን ማሞቂያም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ የድንኳኑን መስኮት ክፈቱ፣ በባትሪ የሚሠራ ጠቋሚ አንጠልጥሉ። ከሰልና ጀበና ያለው ሰው ውጭ ያፍላ፣ ጎረቤት አጥማጆችም ሽታውን ተከትለው ይመጣሉ፣ የት እንደሚነክስ የሚነግሯችሁም ያኔ ነው።

ምን ልልበስ?

ከጥጥ በስተቀር ሁሉንም። ጥጥ ላብ ይይዛል፣ ሲረጥብ ያቀዘቅዛል። ከሥር ሱፍ ወይም ፖሊስተር፣ መሃል ወፈር ያለ ሹራብ፣ ከላይ ነፋስ የማያስገባ። ጋቢ ጥጥ ነው፤ መኪና ውስጥ ይጠብቃችሁ። ስትበሱ ያልባችኋል፣ ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ጃኬቱን አውልቁ። መነጽር የግድ ነው፤ ፀሐይዋ ከስኖው ላይ ተመልሳ ዓይን ታቃጥላለች።

መንገዱስ?

ኢንተርስቴት 70 ላይ፣ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ፣ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 የጎማ ሕግ አለ፤ በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ወይም የበረዶ ጎማ፣ ካልሆነም ሰንሰለት ይዛችሁ መገኘት አለባችሁ። ቅዳሜ ጠዋት በበረዶ ሸርተቴ ሰው ይሞላል። ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት ውጡ። እሁድ ማታ መመለሱን አለማውራት ይሻላል።

በጾም መብላት ይቻላል?

እዚህ ውስጥ አልገባም። አንዱ ይበላል፣ አንዱ አይበላም፣ በተለይ ዐቢይ ጾም ላይ ጠበቅ ይላል። የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። መልቀቅ ከፈለጋችሁ ግን ዓሳውን ስኖው ላይ አታስቀምጡት፤ በዚያ ብርድ ዓይኑና ስንጥቡ ወዲያው ይረጋል። እጃችሁን አርጥባችሁ መንጠቆውን ቶሎ አውጡና በጭንቅላቱ በኩል መልሱት።

እንዴት ይሠራል?

ለጉላሽ አይሆንም፣ ይበተናል። ለዱለትም ቆሮሶ ይሻላል። ትራውት ሙሉውን ነው የሚጠበሰው። ቅርፊቱ ደቃቅ ስለሆነ መፋቅ አያስፈልግም፤ ሆዱን ክፈቱ፣ ከአከርካሪው ሥር ያለውን ጥቁር ደም በአውራ ጣት ጥረጉ፣ እጠቡ፣ በደንብ አድርቁ። ሥጋው ሮዝ ከሆነ እነዚያን ሽሪምፖች ሲበላ የኖረ ነው፣ ጣዕሙም ይለያል። ጎንና ጎኑን እንደ ሀዋሳው ጥብስ በቢላ ሰንጥቁ፣ ጨውና ሚጥሚጣ አሹት፣ ሆዱ ውስጥ የጥብስ ቅጠልና ነጭ ሽንኩርት ክተቱ፣ በጋለ ዘይት ቆዳው እስኪንኮሻኮሽ ጥበሱ። አንዴ ብቻ ገልብጡት። ሎሚና አዋዜ ከጎን። ቀጫጭን አጥንት ስላለው ለልጆች እናንተ ፈልቅቁላቸው።

አገር ቤት ትራውት አለ?

አለ፣ ባሌ። ከኬንያ መጥቶ በተራራው ጅረቶች የተለቀቀ ነው፣ ወይብና ዳንካ ወንዞች ላይ ሬይንቦም ቡናማውም ይጠመዳል። መሰርሰሪያ ግን አያስፈልጋችሁም።